ስልካችሁ አላረጀም፤ አርጅቷል ያሏችሁ ሰዎች ናቸው

«ስልኬ አረጀ» የሚባል በሽታ የለም። እንደዚህ ብዬ ልጀምር፣ የሚበሳጭ ይበሳጭ።

ባትሪ ይደክማል። የቻርጀር መሰኪያው ይላላል ወይ በቆሻሻ ይደፈናል። ሚሞሪ ይሞላል። ስክሪን ይሰነጠቃል። ፋብሪካው አፕዴት መላክ ያቆማል። እነዚህ አምስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ በሺህ ብር አካባቢ ይስተካከላል፣ አንዱ በነጻ፣ አንዱ ደግሞ እናንተ ምንም የማታደርጉት የሌላ ሰው ውሳኔ ነው። እኛ ግን አምስቱንም በአንድ ቃል ጠቅልለን «አረጀ» እንላለን፣ ከዚያ ብር ፍለጋ እንሄዳለን። ይቺን ቃል ማን እንዳስተማረን፣ ከእሷስ ማን እንደሚጠቀም ዛሬ ልጽፍ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና ላይ ያላችሁ አንብቡት፣ መንገድ ላይ ያላችሁ ሴቭ አድርጉት።

«ቲቸር፣ አንተ ኬሚስትሪህን አስተምር፣ ስለ ስልክ ምን አገባህ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባትሪ እኮ ኬሚስትሪ ነው! 11ኛ ክፍል ስለ ሪአክሽን ፍጥነት ሳስተምር ከኋላ ወንበር ተኝታችሁ የነበራችሁ ልጆች፣ ዛሬ ያንን ትምህርት በብር እየከፈላችሁበት ነው። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ ዲፕሎማ ያለኝ አስተማሪ ነኝ። ይሄን ለመረዳት ደግሞ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

በኪሳችሁ ያለው ባትሪ ሊቲየም አዮን ይባላል። ሶኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። መሠረቱን የጣሉት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃም እና ዮሺኖ፣ በ2019 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። (ጉድኢናፍ ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር። ለሰውዬውም «አርጅተዋል» ብሏቸው የነበረ ሰው አይጠፋም።) አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቻርጅ ስታደርጉ የሊቲየም አዮኖች ከአንዱ ወገን ተነስተው ወደ ግራፋይቱ ይሄዳሉ፣ ስልኩን ስትጠቀሙ ይመለሳሉ። ችግሩ ሁሉም አይመለሱም። በየምልልሱ ጥቂት ጥቂቶቹ ግራፋይቱ ላይ በሚፈጠር ስስ ሽፋን ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ባትሪው የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፤ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት የሞላው ከሰዓት ያልቃል። ሁለተኛው የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ ይጨምራል። ይሄንን ነው ብዙ ሰው የማያውቀው።

ሬዚስታንሱ የጨመረ ባትሪ ድንገት ብዙ ከረንት ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወድቃል። ካሜራ ከፈታችሁ፣ ወይ ቪዲዮ ኮል ተደወለላችሁ፣ ስልኩ 30 ፐርሰንት እያለው ድርግም ብሎ ይጠፋል። ብርድ ሲሆን ይብሳል፤ ደሴ ላይ በማለዳ የሚጠፋው ስልክ ኮምቦልቻ ወርዶ ፀሐይ ሲያገኝ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሰውየው ግን «ስልኩ አብዷል፣ አርጅቷል» ይላል። ስልኩ ምንም አልሆነም። የራበው ሰው ቢወድቅ «እግሩ አርጅቷል» ይባላል እንዴ?

ይሄ ድካም ደግሞ የተደበቀ ነገር አይደለም። አፕል ራሱ እስከ አይፎን 14 ድረስ ለነበሩት ስልኮች ባትሪው 500 ዙር ከተሞላ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 ፐርሰንት እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው ይላል፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ 1,000 ዙር አድርጎታል። አንድ ዙር ማለት በድምሩ መቶ ፐርሰንት ተጠቀማችሁ ማለት ነው፤ ዛሬ ግማሽ፣ ነገ ግማሽ ከሆነ አንድ ዙር ነው። በቀን አንድ ዙር የሚጨርስ ሰው 500ውን በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ይጨርሳል። ስለዚህ ባትሪ እንደ ጎማ ነው። ጎማው አለቀ ብሎ አይሱዙውን ገደል የሚጥል ሹፌር አይታችኋል? እኛ በስልካችን የምናደርገው እሱን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፦ ጎማ እንደሚያልቅ እያወቀ ጎማውን ከመኪናው ጋር በማጣበቂያ የሚያጣብቅ ፋብሪካ ምን ይባላል?

የድሮዎቹን ስልኮች የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ኖኪያ 3310 (እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ነው) ጀርባውን በጥፍር ከፍተህ፣ ባትሪውን አውጥተህ፣ ሌላ ታስገባለህ። ሱቅ መሄድ የለም፣ ማሞቂያ የለም፣ ዊንዳ የለም። ዛሬ ያንኑ ሥራ ለመሥራት መስታወቱን አሙቆ፣ ሙጫውን አላቅቆ፣ ገመዱን እንዳይበጥስ እየጸለየ የሚከፍት ባለሙያ ያስፈልጋል። ለምን ሲባሉ «ውሃ እንዳያስገባ ነው» ይላሉ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5ን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያወጣ ጀርባው በእጅ ይከፈት ነበር፣ ባትሪው በእጅ ይወጣ ነበር፣ ከዚያም ጋር ውሃና አቧራ እንዲከላከል ተደርጎ ተሠርቶ ነበር። ስለዚህ ይቻላል። ተችሎም ነበር። ቀጭን ስልክ ያምራል፣ እሺ፣ ቀጭን ያምራል ብላችሁ እውነቱን ንገሩን፤ ውሃን አታሳቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ፋብሪካዎቹ ሆን ብለው ነው» ስል «ቲቸር ደግሞ ሴራ ጀመረ» የምትሉ ስላላችሁ፣ በአደባባይ የተረጋገጠ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2017 ነው። አንድ የአይፎን 6ኤስ ተጠቃሚ ስልኩ በጣም ዘገየበት። ባትሪውን ሲያስቀይር ፍጥነቱ ተመለሰ። ገርሞት ኢንተርኔት ላይ ጻፈው። ሌሎችም ለኩ፣ ትክክል ሆኖ ተገኘ። አፕልም በዚያው ወር አመነ፦ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በላከው አፕዴት ባትሪያቸው የደከመ ስልኮችን ፍጥነት እየቀነሰ ነበር። ምክንያቱ ከላይ ያልኳችሁ ነው፣ ቮልቴጁ ወድቆ ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ። እውነት ለመናገር ምክንያቱ በራሱ ውሸት አይደለም፤ ኬሚስትሪው ትክክል ነው። ጥፋቱ አለመናገሩ ነው። ሰውየው «ባትሪህ ደክሟል፣ ቀይረው» ቢባል ባትሪ ይገዛ ነበር። ስላልተነገረው «ስልኬ አረጀ» ብሎ ስልክ ገዛ።

ከዚያ ምን ሆነ? አፕል ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ለአንድ ዓመት ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። ፈረንሳይ በ2020 የ25 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለችበት። አሜሪካ ውስጥ ለተጠቃሚዎች እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጣሊያን ደግሞ ከዚያ በፊት በ2018 አፕልንም ሳምሰንግንም በአፕዴት ስልክ አዘገያችሁ ብላ ቀጥታለች። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2019 የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ ለባለሀብቶቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሽያጫችን ካሰብነው ያንሳል የሚል። ዋናው ምክንያት የቻይና ገበያ ነው አለ። ከሌሎቹ ምክንያቶች መካከል ግን አንዱ ምን ነበር? ሰዎች በረከሰው ዋጋ ባትሪ ስላስቀየሩ አዲስ ስልክ የሚገዛው ቀንሷል የሚል ነው። ደግማችሁ አንብቡት። ባትሪ በ29 ዶላር ሲቀየር ሰው ስልክ መግዛት ያቆማል። ይሄን የነገረን ሴረኛ አይደለም፣ ሻጩ ራሱ ነው፣ ያውም በጽሑፍ።

«ስልኮች ያረጃሉ» ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሁለተኛው መግደያ አፕዴት ነው። ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለ7 ዓመት አፕዴት እንሰጣለን ብለዋል። ጥሩ ነው። ግን እነዚህ ስልኮች ስንት ብር ናቸው? እኛ ሰፈር ማን ነው የያዛቸው? እኔና ተማሪዎቼ የምንይዛቸው ርካሽ አንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ አንድ ትልቅ አፕዴት ካገኙ ዕድለኛ ናቸው፤ ጭራሽ የማያገኙም አሉ። ስልኩ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እያለ ዕድሜው መቁጠር ጀምሯል። ሀብታሙ አንዴ ገዝቶ 7 ዓመት ይቀመጣል፣ ድሃው በየሁለት ዓመቱ ይገዛል። በመጨረሻ ማን የበለጠ ከፈለ? ሒሳብ አስተማሪዎች ጓደኞቼ ይሄን ለፈተና አውጡት።

ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች ባሉ ስልኮች አልሠራም ብሏል። እነዚያ ስልኮች ከአሥር ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፣ ለዘለዓለም ደግፉ ማለት አይቻልም፣ በዚህ አልጣላም። የምጣላው ስልኩ ሲሸጥ «እስከዚህ ቀን ድረስ ነው» ብሎ የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ነው። ዘይት ስንገዛ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ብስኩት ላይ አለ። በወር ደመወዜ የማልገዛው ዕቃ ላይ ግን የለም!

አውሮፓ ውስጥ ሰዎች ጮኹ፣ ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ እዚያ ገበያ የሚገባ ስልክ ባትሪው ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 ፐርሰንት መያዝ አለበት። ፋብሪካው የስልኩን ሽያጭ ካቆመ በኋላ መለዋወጫ ለ7 ዓመት ማቅረብ፣ አፕዴት ደግሞ ቢያንስ ለ5 ዓመት መስጠት ይጠበቅበታል። ከ2027 ጀምሮ ደግሞ ባትሪን ተጠቃሚው ራሱ ማውጣት እንዲችል የሚያስገድድ ሌላ ሕግ ሥራ ላይ ይውላል። እዚያ የሚሸጠውንና እዚህ የሚሸጠውን የሚሠሩት ሰዎች የተለያዩ አይደሉም። ልዩነቱ እዚያ የሚጠይቅ አለ።

እኛስ ሕግ የለንም? አለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲያው ስልክ አስመጪዎችና ሻጮች፣ ካርቶኑ ላይ አንድ መስመር ጻፉልን፦ ይሄ ስልክ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት አፕዴት ያገኛል፣ ባትሪውስ እዚህ አገር ይገኛል ወይ? ይሄ ከባድ ጥያቄ አይደለም። ካሜራው ስንት ሜጋ ፒክስል እንደሆነ በትልቁ መጻፍ የቻለ ሰው ይሄንን መጻፍ አያቅተውም።

ይሄ ጥያቄ ዛሬ ለምን ባሰ? በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስልክ በዶላር ነው የሚገባው። የመምህር ደመወዝ ግን በዶላር አይከፈልም። ከዚያ በፊት «ይቅር፣ አዲስ እገዛለሁ» ማለት ስንፍና ነበር፤ አሁን ጉዳት ነው።

አንድ ምሳሌ ልናገር። አምና የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ አባት ከቃሉ ገጠር ሁለት በግ ነድተው ገበያ አወጡ። ልጁ ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ብሎት ወደ አንድ ሱቅ ወስዶት ነበር። የሱቁ ሰው ግማሽ ደቂቃ አገላብጦ «ይሄ አርጅቷል፣ ቦርዱ ሞቷል» አለው፤ ጎን ለጎን ደግሞ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሆነች ሌላ ስልክ አሳየው። በጎቹ ተሸጡ፣ ላይ ብድር ተጨመረበት፣ ስልኩ ተገዛ። ልጁ አሮጌውን ለወሬ ያህል አመጣልኝ። መሰኪያው ውስጥ የሱሪ ኪስ ጥጥ ተጠቅጥቆ ነበር። በስንጥር አወጣሁት፣ ቻርጀሩ ገባ። ባትሪው በእርግጥ ደክሞ ነበር፤ ሌላ ሰው ጋር ሄዶ በ900 ብር ተቀየረ። ያ «የሞተ» ስልክ ይኸው ዛሬም እህቱ እጅ ላይ አለ፣ ትማርበታለች። በጎቹ ግን አይመለሱም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው፤ ልዩነቱ፣ እሳቸው ሳይቸግራቸው አይደለም፣ ቸግሯችኋል ተብለው ነው።

ሞባይል ጠጋኝ ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ከተማችን ውስጥ ለእጁ ሥራ ሊሸለም የሚገባው ልጅ ብዙ አለ፤ አንዳንዶቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ኩራቴ ናቸው። ግን ጥገናም ሽያጭም አንድ ባንኮኒ ላይ ሲሆን «ይጠገናል» ከማለት «ቀይረው» ማለት ይቀላል፣ ትርፉም ይበልጣል። ይሄ የሰውየው ክፋት ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው። ስለዚህ «አርጅቷል» ስትባሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ምኑ?» በቃ። ምኑ ነው ያረጀው? ባትሪው? መሰኪያው? ስክሪኑ? ቦርዱ ከሆነ እንዴት አወቅህ፣ በምን ለካኸው? መልስ የሌለው ሰው ከሆነ ስልካችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ራሳችን። ፋብሪካውና ሻጩ ብቻቸውን አይችሉንም ነበር፣ እኛ ባናግዛቸው። «ዛሬም ይቺን ይዘሃል? ለሙዚየም ስጣት» እያልን የምንሳሳቀው እኛ ነን። ተማሪ ስልኩን ከጠረጴዛ በታች የሚደብቀው እኔን ፈርቶ ይመስላችኋል? የለም፣ ጓደኞቹ እንዳያዩት ነው። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ያላችሁ እህቶች ደግሞ ይቺን ከልብ ስሙኝ። ወንድምህ «ስልኬ አረጀ» ሲልሽ የሦስት ወር ላብሽን ስልክ አድርገሽ ከመላክሽ በፊት «ባትሪው ነው ወይስ ሌላ?» በይው። ያገለገለ አይፎን የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ጋ ገብተሽ የባትሪውን ጤና በፐርሰንት እዪ፤ ከ80 በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከሻጩ ላይ ቀንሺ። (ይቺ ቁጥር ስልኩ ላይ የተጨመረችው ከላይ ያልኩት ቅሌት ከመጣ በኋላ፣ በ2018 ነው። ካልጮኹ አይሰጥም።)

የጅቡቲ መንገድ ሹፌር የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ለእናንተ ለብቻ አለኝ። ሚሌን አልፋችሁ፣ ሰመራና ሎጊያ ላይ በዚያ ሐሩር፣ ስልኩን ዳሽቦርድ ላይ ከመስታወቱ ሥር አስቀምጣችሁ፣ ከነወፍራም ኮቨሩ፣ ቻርጅ እያደረጋችሁ፣ ሙዚቃ እያጫወታችሁ ትሄዳላችሁ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ሪአክሽኖች ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌላችሁ ነበር። ባትሪን የሚያደክመውም ሪአክሽን ነው። ሙሉ ባትሪና ሙቀት ሲገናኙ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ስልኩን ከፀሐይ አውርዱት፣ ቻርጅ ስታደርጉ ኮቨሩን አውጡት። በአንድ ዓመት የምትገድሉት ባትሪ ሦስት ዓመት ይሄድላችኋል። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ደግሞ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅ አታድርጉት፤ ከቆሻሻ ጋርም እሳት ውስጥ እንዳትጥሉት፣ ይፈነዳል።

ለሌላው ሰው፦ «አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ ይደረግ»፣ «ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ጨርሰህ ነው ቻርጅ የሚደረገው» የሚሉት ምክሮች የዱሮ የኒኬል ባትሪዎች ምክር ናቸው። ሊቲየም ጨርሶ ባዶ መሆንም ሁልጊዜ መቶ መሆንም አይወድም፤ መሐል ላይ ሲቆይ ይመቸዋል። መብራት ይጠፋል ብሎ ሁሌ መቶ አድርጎ የሚያድረውን ሰው ግን አልወቅስም፣ የምንኖርበትን አውቃለሁ።

«ስታክ ያደርጋል» የምትሉት ስልክ ደግሞ ከአሥሩ ስንቱ ቴሌግራም እንደሆነ ብታዩ! ሠላሳ ቻናል ውስጥ ገብታችሁ፣ ያላያችሁት ቪዲዮ ሁሉ ስልካችሁ ላይ ተከምሮ፣ 32 ጊጋው ጢም ብሎ። የስልክ ሚሞሪ ሲሞላ አዲስ ነገር ለመጻፍ አሮጌውን እያነሳ እያስቀመጠ ይለፋል፣ ይዘገያል፣ ራሱንም ቶሎ ይጨርሳል። ቴሌግራም ሴቲንግ ግቡ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ፣ ከዚያ ክሊር ካሽ። ጽሑፋችሁ አይጠፋም፣ ፋይሉን ስትፈልጉት ደግማችሁ ታወርዱታላችሁ። ከዚያው ጋር ራሱ የሚያወርደውን አጥፉት። ይሄን ብቻ አድርጎ «ቲቸር ስልኬ አዲስ ሆነ» ያለኝ ሰው በጣቴ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

በእውነት የሚሞት ስልክ የለም አልልም። ቦርዱ ውሃ ጠጥቶ የበሰበሰ አለ፣ ሚሞሪው ተጽፎ ተጽፎ ያለቀ አለ፣ የስክሪኑ ዋጋ ከስልኩ የሚበልጥበት አለ። እሱን ቅበሩት፣ አልቃወምም። አፕዴት የቆመበት ስልክ ላይ የባንክ አፕ መጫንም አደጋ አለው፣ ክፍተቱን የሚደፍንለት የለም። እንደዚህ ያለ ስልክ ካላችሁ አፕ ከማይታወቅ ቦታ አታውርዱበት፣ ሊንክ አትጫኑበት፣ ብሩን ደግሞ በኮድ አንቀሳቅሱ፤ ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። ባለ ቁልፍ ስልክም ላይ ይሠራል! ስለዚህ «ብር ለመላክ አዲስ ስልክ ያስፈልጋል» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ «አርጅቷል» የተባለ ስልክ ያለው ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ያምጣልኝ። ስንጥሩና ቴሌግራም ማጽዳቱ በነጻ ነው። ባትሪው ከሆነ ደግሞ የማምናቸው ሁለት ልጆች አሉ፣ አብረን እንሄዳለን፤ ዋጋውን ፊት ለፊት ይነግራችኋል፣ አሮጌውንም ባትሪ አውጥቶ ያሳያችኋል። ሌላ ከተማ ያላችሁ፣ ሳይሸጥላችሁ የሚጠግን ሰው የምታውቁ ከሆነ ከተማውንና ሰፈሩን ኮመንት ላይ ጻፉት፣ ሌላው ያግኘው። አስመጪ ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ ካላችሁም፣ ያቺን አንድ መስመር ካርቶኑ ላይ መጻፍ ምን እንደሚከለክላችሁ እዚሁ ሥር መልሱልኝ፤ አልሰድብም፣ እጠብቃለሁ።